የፓተንት ቁጥር የአገር ፈጠራን ይለካልን? የኮሶ፣ የእንዶድና የጤፍ ታሪክ ከጎጃም ደጋ ሲታይ

የአንድን አገር የፈጠራ አቅም በተመዘገቡ ፓተንቶች ብዛት መለካት በዓለም ዙሪያ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ሚዛን እንደ ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያለ፣ በእርሻና ከአባቶች በወረሰው ዕውቀት የሚኖር ደጋ ቀልሎ መታየቱ አይቀርም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዝቪ ግሪሊከስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ፈጠራ ሁሉ ፓተንት ሊሰጠው እንደማይችል፣ ሊሰጠው የሚችለውም ሁሉ እንደማይመዘገብ፣ የተመዘገበውም እኩል ዋጋ እንደሌለው አስገንዝበው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ በሦስት ዕፀዋት ታሪክ መመርመር ነው።

የመጀመሪያው ኮሶ ነው። ሕዝባችን መድኃኒቱን ከበሽታው ጋር ከማስተሳሰሩ የተነሣ ትሉንም በዛፉ ስም ይጠራዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ገልጾ በሰር ጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። በ1791 ግሜሊን በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሐገን ስም ጠራው፤ ዛሬ በሳይንስ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። በ1824 ደግሞ ኩንት በፈረንሳዊው ሐኪም በብራዬር ስም ሰየመው። ሦስቱም ስሞች የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ አበባውን አድርቆና ወቅጦ መጠጣትን ያወቀው ሕዝብ በአንዱም አልተጠቀሰም። እርግጥ ነው፣ ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት ስለሚደርስ በፕራዚኳንቴልና በኒክሎሳማይድ መተካቱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ መድኃኒት መተካቱ የቀደመውን ግኝት አይሽረውም።

ሁለተኛው እንዶድ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ በመነሣት የእንዶድ ፍሬ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዳሩ ግን በ1993 እንዶድ ዜብራ መስል የተባለውን የውኃ ቱቦ ደፋኝ ፍጥረት ለመግደል የሚውልበትን ዘዴ የሚመለከት የአሜሪካ ፓተንት ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ፓተንት በባለቤቱ አገር ሲቆጠር ይህ በአሜሪካ ሒሳብ ይገባል፤ የአጣቢዎቹ ዕውቀት ግን በየትኛውም ሒሳብ አይገባም።

ሦስተኛው ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የጤፍ አበባ ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት በመረዳት ማዳቀልን አስቻሉ። ከዚህ ሥራ ቀጥሎ በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ እስከ ጎጃም ማሳዎች ደረሰ። በአንጻሩ በ2007 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ የሔግ ፍርድ ቤት ግን በ2018 የፈጠራ ብቃት የለውም በማለት በኔዘርላንድስ ዋጋ አሳጣው። ስለዚህ ቁጥሩ ፈጠራ ያልሆነውን ቆጥሮ ፈጠራ የሆነውን አልፏል ማለት ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 የዕፅዋት ዝርያዎችን፣ እንዲሁም ሰውን የማከሚያና በሽታን የመመርመሪያ ዘዴዎችን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። ሕክምና ለሁሉም ክፍት ይሆን ዘንድ ይህ መልካም ነው። በቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ አቅፎ የማሞቅ ዘዴ እኛ ዘንድ የደረሰው ያለ ማንም ፈቃድ ነው። ሆኖም የጎጃም ደጋ ገበሬም ሆነ በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ይበልጥ የሚፈጥሩት በእነዚሁ በማይቆጠሩት መስኮች ነው።

በአጠቃላይ የፓተንት ቁጥር የሚለካው የምዝገባን ልማድና የጠበቃን አቅም ጭምር እንጂ ፈጠራን ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ማጣጣል ግን ብቻውን አይበቃም፤ እንዶድና ጤፍ ያልተመዘገበ ዕውቀት ሌላ ባለቤት ሊያገኝ እንደሚችል አሳይተውናል። ቀኑ ተጠቅሶ የታተመ ጽሑፍ አንድ ነገር አዲስ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ኋላ የሚመጣ የፓተንት ጥያቄም ሊረታ የሚችለው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው። ስለሆነም የጤና ባለሙያዎች በየሥራ ቦታቸው ያገኙትን ዘዴ፣ ከሕዝቡም የሰሙትን የመድኃኒት ዕውቀት፣ ጉዳቱን ጭምር፣ ከባለዕውቀቱ ፈቃድና ስም ጋር ጽፈው ቢያኖሩ፣ መብት ማስመዝገብ የሚያስቡም ከማሳተማቸው በፊት የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱን ቢያማክሩ መልካም ነው።