ኖራ የያዘው ሸክላ

ዛሬ በሲሚንቶ ኮላ የተለጠፈ ሴራሚክ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ሲነሳ ደህና ሆኖ አይወጣም። መሮው ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፣ ከኋላው ያለውን ልስን ገሽልጦ ይወርዳል፤ ሠራተኛውም ስብርባሪውን በጆንያ ሞልቶ ያወጣዋል። በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ግን ነገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ አልነበረም። ፖርቱጋሎች አዙሌጆ የሚሉት፣ ጎኑ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ ቀለም ሸክላ ግድግዳ ላይ የሚቀመጠው በኖራና በአሸዋ ድብልቅ ነበር። ኖራው ከሸክላው ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ እጁን የሚያውቅ ሰው ሲያነሳው ቀድሞ የሚላቀቀው ኖራው ነው፤ ሸክላው አይሰበርም። የሊዝበን አዙሌጆ ዕጣ የተወሰነው ከምንም በላይ በዚህ ባሕርይ ይመስለኛል። መነሳት መቻሉ ከጥፋት አድኖታል፤ ለዘረፋ ያጋለጠውም ይኸው ነው።

የማዳኑን ማስረጃ ለማየት ብሔራዊ የአዙሌጆ ሙዚየም መግባት ይበቃል። ሙዚየሙ ያለው ንግሥት ሊዮኖር እ.ኤ.አ. በ1509 ባሠራችው የማድሬ ዴ ዴውሽ ገዳም ውስጥ ነው። እዚያ ከሚታዩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ፣ በ1700 ገደማ የተሣለውና 23 ሜትር ያህል የሚረዝመው የሊዝበን ገጽታ ነው፤ በቴዡ ወንዝ ዳር የተደረደሩትን ቤተ መንግሥቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የመርከብ ማረፊያዎች በሰማያዊና በነጭ ያሳያል። በ1755 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ቃጠሎና ጎርፍ ያን ከተማ አወደሙት። የጠፋችው ሊዝበን ምን ትመስል እንደነበር የሚጠይቅ የታሪክ ሰው ዛሬም ወደዚህ ሥዕል ይመለሳል። ሥዕሉ ግን የተሠራው ለሙዚየም ሳይሆን ለአንድ ባላባት ቤት ግድግዳ ነው። በሲሚንቶ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ግድግዳ በደህና ባልወረደ ነበር።

ሥራውም ለመነቀልና ለመገጠም የተመቸ ነበር። በትልልቆቹ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ላይ ሸክላው ተገልብጦ ሲታይ፣ ከጀርባው በብሩሽ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር ይገኛል። አንዱ ረድፉን፣ ሌላው በረድፉ ውስጥ ያለውን ተራ ይነግራል። ሥዕሉን አይቶ የማያውቅ ግንበኛ እንኳ ምልክቱን እየተከተለ መልአክን ከክንፉ፣ መርከብን ከሸራው ጋር ያገጣጥም ነበር። በ1834 የገዳማት ማኅበራት በአዋጅ ሲፈርሱ ብዙ ሕንፃዎች የጦር ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከግድግዳ የወረደውን አዙሌጆ መልሶ ለማሰባሰብ ያ የጀርባ ጽሑፍ ባለውለታ ነው።

እንግዲህ ማንሳት ካዳነ፣ ዛሬ የፖርቱጋል ሕግ ሸክላውን ከሕንፃ ፊት ማንሳትን ለምን ይከለክላል? ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው በአወራረዱ ላይ ነው። የጥበቃ ባለሙያ ፊቱን በስስ ጨርቅና በሚለቅ ሙጫ ይሸፍናል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቁጥር ይሰጣል፤ ከዚያ በመጋጠሚያው ስስ ስለት አስገብቶ ኖራውን ከኋላ ቀስ በቀስ ይቆርጣል። ባዶ ቤት የሚገባ ሌባም የሚጠቀመው በዚያው ኖራ ልስላሴ ነው፤ ለሽያጭ የሚያምረውን መርጦ ሌላውን ይሰብራል። ከቦታው ተነጥሎ በሊዝበኑ የፌይራ ዳ ላድራ ገበያ ለጎብኚ በነጠላ የሚሸጥ አዙሌጆ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደነበረ የሚናገር ነገር የለውም። ሸክላው ተርፎ ሥዕሉ ጠፍቷል።

ሌላው ተቃውሞ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን አዙሌጆ ይመለከታል። በ1849 እንደተመሠረተው እንደ ቪዩቫ ላሜጎ ያሉ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ንድፍ ደጋግመው አምርተው የከተማዋን ፊት ለፊት አልብሰዋል፤ ታዲያ ተደጋጋሚ የፋብሪካ ዕቃ ምኑ ብርቅ ነው ይባላል። ነገር ግን ንድፉ የተሠራው ለድግግሞሽ ነው። አራት ሸክላ ተገናኝቶ አንድ አበባ ይሠራል፣ አበባው ደግሞ ፎቆቹን ሁሉ ይሞላል፤ ከመካከል ሃያው ሲጎድል የቀረው ቁስል ሆኖ ይታያል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈን ደግሞ ይብሳል። ኖራ የግድግዳውን እርጥበት ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። የታፈነው እርጥበት ጨው ይዞ በአሮጌው ሸክላ በኩል ሲወጣ የሚያብረቀርቀውን ፊት ይልጠዋል። በሲሚንቶ የተጠገነውን በኋላ ማንሳት ቢያስፈልግም ሳይሰበር እሺ አይልም። በ1956 አሜሪካዊው የኬሚካል መሐንዲስ ሄንሪ ሮዝበርግ ላቴክስን ከሲሚንቶ ያዋሐደበት ስስ ማጣበቂያ ለአዲስ መታጠቢያ ቤት ትልቅ በረከት ነው፤ ለእነዚህ ግድግዳዎች ግን አይሆንም።

የፖርቱጋል የፍትሕ ፖሊስ ሙዚየም በ2007 የጀመረው ኤስኦኤስ አዙሌጆ የተባለ ፕሮጀክት የተሰረቁትን ሸክላዎች ፎቶ ለሕዝብ በማሳየትና ለጥበቃ ሕግ በመሟገት ብዙ ሠርቷል። ሊዝበን በ2013፣ አገሪቱ በሙሉ በ2017 በአዙሌጆ የተሸፈነን የሕንፃ ፊት ማፍረስና ሸክላውን ማንሳት ከለከሉ። ሕጉ ከተማን ባለበት ያስቀራል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ቅርስነቱ አነስተኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲፈቅድ በር ትቷል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ሕግ የሚናገረው ስለ ውጭው ግድግዳ ነው። በተራ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ፣ ማድ ቤትና መተላለፊያ ውስጥ ያለው አዙሌጆ ዕጣው በአመዛኙ እድሳቱን በሚያዘው ባለቤትና መሮውን በያዘው ሠራተኛ እጅ ነው። ሠራተኛው የመጀመሪያዋን ሸክላ ከማላቀቁ በፊት ግድግዳውን ፎቶ እንዲያነሳና ስትወርድ ጀርባዋን እንዲያይ የሚያዝ ደንብ ቢኖር፣ ወጪው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።