ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ስለ ማድረስ

ከክፋት የሚመጣ ጥፋት ሠሪው ይታወቃልና ለመውቀስም ለመቅጣትም ይመቻል። ከፍቅር የሚመጣ ጥፋት ግን ባለቤት የለውም፤ ሠሪው ሁሉ በጎ የሠራ ስለሚመስለው ማንም ራሱን አይወቅስም። በአዲስ አበባ ከተማ ጧት ትምህርት ሲጀመር፣ ከሰዓት በኋላም ተማሪ ሲለቀቅ፣ በየትምህርት ቤቱ በር የሚታየው የመኪና መጨናነቅ የዚህ ዓይነት ጥፋት ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱን ያጣበበው ሰው አባት ወይም እናት፣ አያት ወይም አጎት ነው፤ ከቤቱ የወጣውም ለልጁ ሲል ነው። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁና የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። በመጀመሪያ ነገሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ፣ ቀጥሎም በእኔ የደረሰውን እናገራለሁ።

በቀድሞ ዘመን ተማሪ ወደ ትምህርት ራሱ ይሄድ ነበር እንጂ የሚያደርሰው አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ከአገር አገር በእግሩ ይጓዝ ነበር። ውሻ ያባርረዋል፣ ወንዝ ይሞላበታል፣ ራብም በሽታም ያገኘዋል። ያ መከራ ይመለስ የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ መንገዱ ራሱ አንድ መምህር ነበር፤ መጠየቅን፣ መታገሥን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በሰላም ማደርን ያስተምር ነበር።

የሚያስገርመው ነገር፣ አውቶሞቢልና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወደ አዲስ አበባ የገቡት በአንድ ሰሞን ነው። የመጀመሪያው መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ከከተማይቱ ደረሰ፤ በዚያው ግድም ንጉሠ ነገሥቱ ከግብፅ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሁለቱ እንደ መንታ በአንድነት ተወልደው ብዙ ዘመን ሳይጋጩ ኖሩ። ምክንያቱም መኪናም ትምህርት ቤትም የጥቂቶች ነበረ። ከዚህም ሌላ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን፣ ከጠላት ወረራ በኋላም በኮተቤ የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪዎችን ይቀበሉ ነበር። አዳሪ ተማሪ ከመኝታው ወደ መማሪያው የሚሄደው ግቢ አቋርጦ ነውና ለከተማው መንገድ ዕዳ አይሆንም።

አዳሪ ያልሆነውም በእግሩ ይሄድ ነበር። እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የሰፈራችን ልጆች ጧት በየበሩ ተጠራርተን እንወጣ ነበር፤ ታላቁ የታናሹን እጅ ይይዛል፤ ትምህርቱን ያላጠናውም እየሄደ ካጠናው ይሰማል። በመንገድ ያየን አዋቂ ሁሉ፣ ወላጃችን ባይሆንም፣ ስናጠፋ ይቆጣን ነበር፤ እኛም እንፈራው ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ሆኑ፤ የከተማውም ልጅ አብዛኛው በሰፈሩ ካለው ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ግን የግል ትምህርት ቤቶች በርክተው ተከፈቱ። እነዚህ ለብዙ ሺህ ሕፃናት የእውቀት በር ስለ ከፈቱ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ብዙዎቹ የተከፈቱት ለአንድ ቤተ ሰብ በተሠራ መኖሪያ ቤት፣ ሁለት መኪና በጭንቅ በሚተላለፍበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው። ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሲሰለፉ የሚጠባቸው ግቢ ለመኪና ማቆሚያ ከየት ያመጣል?

በዚህ ላይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በከተማው ዳርቻ ሲሠሩ ብዙ ሕዝብ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ መሰሉት ሰፈሮች ተዛወረ። ቤተ ሰቡ ሲሄድ የልጁ ትምህርት ቤት ግን በመካከል ከተማ ቀረ። ቀድሞ ሩብ ሰዓት በእግሩ ይሄድ የነበረው ልጅ ከተማውን በመኪና የሚያቋርጥ ሆነ።

ሦስተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ከመቶ 80ው ያለ አዋቂ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ግን ከመቶ 9 ብቻ ሆኑ። ወላጆች ከሰጡት ምክንያት አንዱና ዋነኛው የመኪና አደጋ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አባት መኪና ልጁን እንዳይገጭበት ፈርቶ ልጁን በመኪና ያደርሳል፤ የእርሱ መኪና ሲጨመር የጎረቤቱ ፍርሃት ይጨምራል፤ ጎረቤቱም እንደዚሁ ያደርጋል። በመጨረሻ አደጋው ፍርሃትን፣ ፍርሃቱም አደጋን እየወለደ ይኖራል።

አሁን በእኔ የደረሰውን ልናገር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የልጅ ልጄን ጧት ጧት ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ወደ ትምህርት ቤቷ የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ መኪና ከቆመበት በመካከል የሚተርፈው የአንድ መኪና ማለፊያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብርቱ ዝናብ ይዘንብ ነበርና ልጅቱ እንዳትረጥብብኝ ብዬ መኪናዬን በዚያው ማለፊያ ላይ ደርቤ አቆምሁ። በልቤ «ሁለት ደቂቃ ነው» አልሁ። ልጅቱን የተቀበለችው አስተማሪ ለካ የቀድሞ ተማሪዬ ኖራለች፤ ስለ ጤንነቴ ጠየቀችኝ፣ እኔም ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት። ጡሩምባ ከውጭ ይሰማኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጡሩምባ የማይሰማበት ቀን ስለሌለ ግን ልብ አላልሁትም።

ስወጣ ከመኪናዬ በስተኋላ አንዲት ታክሲ ቆማ አገኘሁ፤ የኋላ በሮቿ ተከፍተዋል፤ ውስጧ ባዶ ነው። ባለታክሲው አልተቆጣኝም። «አባባ፣ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። እናቷና ሁለት ጎረምሶች ደግፈው በእግሯ ወደ አስፋልቱ ወሰዷት» አለኝ። በዝናብ እየሮጥሁ ወጣሁ፤ አላገኘኋቸውም። ሴቲቱ በሰላም ትገላገል አትገላገል እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሕፃናትን «ተራ ጠብቁ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው፣ የአንዲት ልጅ ጫማ እንዳይረጥብ ብዬ ገና ላልተወለደ ልጅ መንገድ ዘጋሁበት። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ያሉት እንደ እኔ ላለው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዬን የዐሥር ደቂቃ መንገድ ርቄ ሰፊ ቦታ ላይ አቆምና ከልጅቱ ጋር በእግር እንሄዳለን። ለዚህ ስንል ቀደም ብለን እንነሣለን። አሁን የሰፈራችን ሦስት ልጆችም ከእኛ ጋር ይሄዳሉ፤ ሦስት መኪና ከዚያ ጠባብ መንገድ ቀረ ማለት ነው። ልጅቱም የባለሱቁን ስም አወቀች፤ ግራና ቀኝ አይቶ መሻገርንም ተማረች።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። በኢጣልያ ቦልዛኖ በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ በትምህርት ቤት በር ያለው መንገድ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜ ለመኪና ይዘጋል። በእኛም ከተማ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን መንገድ ተዘግቶ ልጆች ሲሮጡበት አይተናል፤ ለእሑድ የተቻለ ለሰኞ ጧት ግማሽ ሰዓት አይቻልም አይባልም። ዐሥራ ሁለት ልጆች የያዘ አንድ ሰርቪስ የብዙ መኪና ቦታ ያተርፋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ጭሱን ይቀንስልን ይሆናል፤ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድም መኪና ደርቦ ከቆመ ያው መንገድ ይዘጋል። ጥበቡን ከባዕድ ማስመጣት ይቻላል፤ ለባልንጀራ ማሰብን ግን እኛው ከልባችን ማውጣት አለብን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ከመማሪያ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት በየጧቱ አንድ ትምህርት ከእኛ ይማራሉ፤ መምህሩ መሪውን የያዘው ሰው ነው። ደርበን ስናቆም የሚማሩት የራስን ጉዳይ ብቻ ማየትን ነው። ጥቂት ርቀን አቁመን እጃቸውን ይዘን ስንሄድ ደግሞ መንገዱ የሌላም ሰው መሆኑን ይማራሉ። ይህን ያወቀ ልጅ ምንም ቢረጥብ ከትምህርት ቤቱ በደኅና ደርሷል።