ከሃያ ጥያቄዎች አንዷ

በእኛ ግቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክሉ ማደር እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ጠዋት ካፌ ተሰልፈን፣ ዓይናችን ደም መስሎ፣ «እኔ እኮ ትናንት አልተኛሁም» የምንለው ለፉከራ ነው። ልተኛ ብሎ መብራት አጥፍቶ፣ የላይኛውን አልጋ ብረት እያየ፣ የጓደኞቹን ትንፋሽ ሲያዳምጥ የሚያድረው ተማሪ ግን አይፎክርም። ዝም ይላል። ቢጠየቅም «ሳነብ አድሬ ነው» ብሎ ይዋሻል። ይህች ጽሑፍ ስለዚህ ዝምተኛ ናት፤ ይኸውም የምርምር ሰዎች እንቅልፍ ማጣቱን መቼ ጥያቄ አድርገው እንደ ጠየቁት፣ ጥያቄውስ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲመጣ ምን እንደ ገጠመው።

ድሮ የአእምሮ ሕመም ሲባል ወደ ሰው ልብ የሚመጣው ጸበል ወይም ዱዓ፣ ሲከፋም የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ታማሚ የሚባለውም ልብሱን ጥሎ የሮጠ ሰው ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ እንቅልፍ ያጣውን ማን ይቆጥረዋል? በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት የምርምር ዘመኖችም እንደዚያው ናቸው) ሮበርት ጊል የተባሉ የሆላንድ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባቸው ከቫን ላይክ ጋር ሆነው በአገራችን ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች ጤነኛ የተባለውን ሕዝብ መጠየቅ ያዙ፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ጥናታቸው በ1969 ታትሟል። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 ገደማ ሃያ አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አወጣ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰውም እየተነበበለት ይመልሳል። በዚህ ቅጽ እነ ዶክተር አታላይ ዓለም በ1990ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ከመቶ 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ለአንድ የገጠር ወረዳ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዛሬም የአገራችን የአእምሮ ጤና ጥናት የቆመው በቡታጅራ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንቅልፍስ? እንቅልፍ በዚያ ቅጽ ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት። ራስ ምታት አለብዎት? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? እንቅልፍዎ መጥፎ ነው? አለቀ። ከሃያ አንድ ነጥብ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ጭስ ነው፣ እሳቱ ሌላ ነው፤ እሳቱን ካጠፋህ ጭሱ ራሱ ይጠፋል። ሐኪሙም ሕዝቡም እንዲህ ነበር የሚያምኑት፤ ብዙዎቻችንም እስከ ዛሬ እናምናለን።

በዚህ ላይ ያመፁት በአብዛኛው የሥነ ልቦና ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ቀላል የሚመስል ነገር ተናገረ፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው አልጋውን የጭንቀት ቦታ አድርጎታል፤ ስለዚህ አልጋ ለመኝታ ብቻ ይሁን፣ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥ፣ ሲመጣ ተመለስ። አርተር ስፒልማን ደግሞ በ1987 ነገሩን በሦስት ከፈለው። ሰውየውን አስቀድሞ ለእንቅልፍ ማጣት ያመቻቸው አለ፤ የቀሰቀሰበት አለ፤ ያቆየበት አለ። ቀስቃሹ ኀዘን ወይም ጦርነት ይሆናል፤ አቆዪው ግን ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ መድኃኒት ነው ብሎ የያዘው ልማድ ነው። ከሁሉ በላይ ዕድሜውን ለዚህ ጉዳይ የሰጠው በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቻርልስ ሞሪን ነው። በ1993 መጽሐፉ ያወጣው የሰባት ጥያቄ ቅጽ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ቅጹ የሚጠይቀው ስንት ሰዓት ተኛህ ብሎ አይደለም። ለመተኛት ተቸገርክ ወይ፣ ቀንህን አበላሸብህ ወይ፣ ሰው ያውቅብሃል ወይ፣ ምን ያህል ያስጨንቅሃል ብሎ ነው። ከዜሮ እስከ 28 ይደመራል፤ 15 ከደረሰ ሕክምና የሚያሻው ነው።

ሞሪን ቆጥሮ አላቆመም፤ እኔ የምወድለት ይህን ነው። በ1999 ባሳተመው ጥናት 78 ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ከፋፍሎ ለአንዱ ወገን የእንቅልፍ ክኒን፣ ለአንዱ ሐሳብንና ልማድን የማረም ሕክምና፣ ለሌላው ሁለቱንም፣ ለቀሩት ባዶ ክኒን ሰጠ። መጀመሪያ ላይ ክኒኑም ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያገኙትን ይዘው የቆዩት ልማዳቸውን ያረሙት ነበሩ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1989፣ ፎርድና ካሜሮው የተባሉ አሜሪካውያን ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ጠይቀው ነበር። በሁለቱም ጊዜ እንቅልፍ ያጡት ሰዎች ዘንድ አዲስ የድብርት ሕመም በጣም በዝቶ ታየ። እንግዲህ ጭሱ ከእሳቱ ቀድሞ መጣ ማለት ነው! በሃያው ጥያቄ ውስጥ ሦስተኛ ተራ ይዛ የተቀመጠችው ነገር ለራሷ በር ያሻታል።

በአገራችን ይህን በር ካንኳኩት ውስጥ የአዲስ ኮንቲኔንታል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቷ ሰብለወንጌል ለማ ይገኙበታል። በ1989 ፒትስበርግ የተዘጋጀውን የ19 ጥያቄ የእንቅልፍ ቅጽ ይዘው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጎንደርና በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2,000 በላይ ተማሪዎችን ጠየቁ፤ ውጤቱ ከ2012 ጀምሮ ታተመ። ከግማሽ በላይ ተማሪ እንቅልፉ ደካማ ነው። ሴቶች ከወንዶች ይብሳሉ። ጭንቀትና ድብርት ያለበት እንቅልፉም የባሰ ነው። ቡና፣ ሲጋራና ጫት የሚያዘወትሩት ደግሞ አልጋ ላይ ወጥተው ለማሸለብ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስድባቸዋል። ይህን የወሎ ልጅ ሲያነብ ይስቃል፤ ምርቃናን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውማ! ጥያቄው ግን ሌላ ነው። በርጫ ስለያዘ ነው እንቅልፍ ያጣው፣ ወይስ ሌሊት ስላልተኛ ቀን ለመንቃት ነው በርጫ የያዘው? አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ጥናት ይህን አይፈታም። ቅጹ ራሱ ለኢትዮጵያውያን ይሆናል አይሆንም የሚለውንም የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ፈትሸው አሳትመዋል። ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ሲባል ሰውየው «አራት ሰዓት» ይላል፤ ፈረንጅ በሠራው ቅጽ ላይ እንዳለ ከተጻፈ ሰውየው ሊነጋ ሲል የሚተኛ ሌሊት ወፍ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አሁን ወደ ደጃችን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። የትግራይ ኃይሎች ሁለቱን ከተሞች እስከ ኅዳር መጨረሻ አምስት ሳምንት ያህል ያዙ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም እንደዚያው። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር የምትተኛው። ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች፤ እንቅልፏ ግን አልተመለሰም። ያጣችውን ለማካካስ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ትጋደማለች፤ ቀን ቀን እሳት ዳር ታንቀላፋለች፤ ለመንቃት ሦስተኛውን ጀበና ትደግማለች። ስፒልማንን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳነበው እናታችንን የሚያውቃት መሰለኝ። ቀስቃሹ ሄዷል፤ አቆዪው ቤት ውስጥ ቀርቷል።

በ2022 የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል መምህራን ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት ሄደው፣ ከባድ ነገር የደረሰበት ሕዝብ ምን ያህል በመንፈስ እንደ ቆሰለ ጠይቀው አሳትመዋል። ራሳቸው የተዘረፉ ሰዎች ናቸው የተዘረፈውን የጠየቁት፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ይሁንና ለዚህ ዓይነት ጥናት በየአገሩ የሚሠራበትን ቅጽ አየሁት። ጥያቄዎቹ አሁንም ሃያ ናቸው። ሁለተኛዋ ስለ ቅዠት ናት። እንቅልፍ ማጣት? መጨረሻ፣ ሃያኛ!

ሕክምናውስ እኛ ጋ ምን ይመስላል? ቡትዚን አልጋ ለመኝታ ብቻ ይሁን አለ። ጋሼ ቡትዚን ዶርማችንን አላዩም። አልጋችን ጠረጴዛችን ነው፣ ወንበራችን ነው፣ እንግዳ መቀበያችን ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለን ተነሥተን የት እንሂድ? በደሴ ብርድ፣ ኮሪደር ላይ? በአንዲት ክፍል ስድስት ሆነው ለሚያድሩ ቤተሰቦችም ያው ነው። ስለዚህ ምክሩን ተርጉሞ ማምጣት ብቻውን አይበቃም። ከእሱ ውስጥ ምኑ እዚህ ይሠራል ብሎ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። በተወሰነ ሰዓት መነሣት ለምሳሌ ምንም ወጪ የለውም፤ በአዛን ወይም በቅዳሴ ደወል መነሣት የለመደ ከተማ ውስጥ እንኳን አዲስ ነገር አይደለም። ለእናቴም መጀመሪያ የያዘላት እሱ ነው፤ ሁለት ሰዓት መጋደሙን ለማስተው ግን ብዙ ተከራክረናል።

ባለፈው በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ አደርኩ። በአንድ ፋብሪካ የፈረቃ ሠራተኛ ናት፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ትገባለች። እንቅልፍ አጣሁ ብላ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ክኒን ሰጥተዋታል፤ ስለ ፈረቃዋ የጠየቃት አልነበረም። የሞሪንን ሰባት ጥያቄዎች በአማርኛ ገልብጬ ይዤ ስለ ነበር፣ ቡናው እስኪፈላ አነበብኩላት።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣» ብዬ ጀመርኩ፤ ቅጹ እንደዚያ ነው የሚለው፤ «እንቅልፍ ለመያዝ ተቸግረሻል?»

«የትኛውን ሳምንት ነው የምትለኝ ልጄ?» አለች። «አንዱ እኮ የሌሊት ነበር።»

ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም። ወረቀቱን መሐል ለመሐል በእስክሪብቶ አሰመርኩና ሰባቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። በቀን ፈረቃው ሳምንት 9 መጣ፤ በሌሊቱ 19። ቁጥሩን ሳሳያት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችውና «ታዲያ ክኒኑን በየትኛው ሳምንት ነው የምውጠው?» አለችኝ። ልመልስላት ስል ከውጭ የሰርቪሱ ጡሩምባ ጮኸ፤ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጠጣ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።