ሳምቡሳ፦ ከባግዳድ ቤተ መንግሥት እስከ ድሃው ማዕድ

 

ዒድ ሲቃረብ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሥጋው ተወዷል፣ ዘይቱ ተወዷል፤ ልጆች ደግሞ የጎረቤትን ገበታ አይተው ይመጣሉ። “ዘንድሮ ምን አቅርበን እንውላለን?” ብላ የምትጨነቅ እናት፣ ለአንድ ቀን ድግስ ሲል ብድር ውስጥ የሚገባ አባት ጥቂት አይደሉም። ዛሬ የምናወሳችሁ የአንዲት ትንሽ ምግብ ታሪክ ለዚህ ጭንቀት የሚለው ነገር አለው። እርሷም በረመዷን ማፍጠሪያና በዒድ ገበታችን ላይ የማትጠፋው ሳምቡሳ ናት።

የሳምቡሳ ስም መነሻው ፋርስ ነው። ዐረቦች ቃሉን ከፋርሶች ወስደው “ሰንቡሰጅ”፣ ኋላም “ሰንቡሰክ” አሉት። በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን በባግዳድ የታላላቆች ምግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ850 የሞተው የዘመኑ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ኢስሐቅ አል-መውሲሊ ስለ ሰንቡሰጅ ግጥም ገጥሟል። የታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ እንደዘገበው፣ ይኸው ግጥም ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከ944 እስከ 946 ኸሊፋ በነበረው በአል-ሙስተክፊ ግብዣ ላይ ተነቧል። በዚያው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሰያር አል-ወራቅ ባዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥም ሰንቡሰጅ ይገኛል።

አሠራሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎ የምናገኘው ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አል-ባግዳዲ እ.ኤ.አ. በ1226 በጻፈው መጽሐፍ ነው። ሥጋው ደቆ ይከተፋል፤ በቅመማ ቅመምና በተወቀጠ ለውዝ ይሰናዳል። ከዚያም በስሱ በተዘጋጀ ሊጥ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይጠቀለልና በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። በሥጋው ምትክ ስኳርና ለውዝ በጽጌረዳ ውኃ ተለውሶ የሚሞላበት ጣፋጭ ዓይነትም ነበር። ይህ መጽሐፍ በተጻፈ በ32 ዓመቱ፣ በ1258፣ ሞንጎሎች ባግዳድን አወደሟት። ሰንቡሰክ ግን ቀደም ብሎም በነጋዴውና በተጓዡ እጅ ከከተማይቱ ርቆ ሄዶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1333 ወደ ህንድ የገባው መንገደኛ ኢብን በጡጣ በዚያ በግብዣ ላይ ያየውን ጽፎልናል። “ሰሙሰክ” ይለዋል። የተከተፈ ሥጋ ከለውዝ፣ ከዎልነት፣ ከፒስታሽዮ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ተሠርቶ፣ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ ይጠበስ ነበር። ልብ በሉ፤ የባግዳዱ የሰሊጥ ዘይት በህንድ ቅቤ ሆነ። ምግቡ የደረሰበት አገር የሚያፈራውን ይዞ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የባለጸጎች ገበታ ነው። ሳምቡሳ የድሃውም ምግብ ለመሆን የበቃው ግን በጠባዩ ነው። ከውጭ ያለው ምንጊዜም ዱቄትና ውኃ ነው፤ ውድም ርካሽም የሚያደርገው በውስጡ የሚገባው ነው። አንድ ቤተሰብ የማያጠግብ ጥቂት ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ ሲከፋፈል ለሁሉም ይደርሳል። ሥጋው ከሌለም ሌላ ነገር ይተካዋል። ድንች ከደቡብ አሜሪካ በአውሮፓውያን መርከብ ወደ እስያ ከተሻገረ በኋላ ህንዶች ሳሞሳቸውን በድንች ሞሉት። በድንች የተሞላው ሳሞሳም ዛሬ በየመንገዱ የሚሸጥ የሕዝብ ምግብ ሆኗል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ስሙ ራሱ መንገዱን ይጠቁመናል። እኛ እንደ ህንዶቹ “ሳሞሳ” አንልም፤ እንደ ዐረቦቹና እንደ ስዋሂሊዎቹ “ቡ”ን ይዘን “ሳምቡሳ” እንላለን። እናቶቻችን ደግሞ የራሳቸውን ጥበብ ጨመሩበት፤ ሥጋ ሲወደድ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ሞሉት። የኸሊፋው ለውዝ በምስር ተተካ፤ የሳምቡሳ ክብር ግን አልቀነሰም። እንዲያውም የምስሩን ከሥጋው የሚያስበልጡ ብዙ ናቸው።

በቤት ለምትሠሩ እህቶች ጥቂት ነጥቦችን እናስታውስ። ምስሩ እስኪፈርስ አይቀቀል፤ ውኃው በደንብ ይጥለል፤ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና ጨው ከገቡበት በኋላም ይቀዝቅዝ። እርጥብ ወይም ትኩስ ከሆነ ሊጡን ያርሰውና መጥበሻው ላይ ይፈነዳል። ሊጡ በዱቄት፣ በጨው፣ በጥቂት ዘይትና በውኃ ተቦክቶ ጥቂት ይረፍ። ሁለት ድቡልቡል ሊጥ በመሐላቸው ዘይት ተቀብቶ አንድ ላይ ከተዳመጠ፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ ሞቅ ተደርጎ ሲላቀቅ ሁለት ስስ ቂጣ ይወጣል። እርሱን ቆርጦ እንደ ቀንድ አጥፎ መሙላት፣ አፉንም በቀጭኑ በተበጠበጠ ዱቄት ማጣበቅ ነው። ዘይቱ በደንብ ሳይግል ሳምቡሳ አይግባ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወደ ሊጡ ስለሚሰርግ ዘይትም ይባክናል፣ ምግቡም ይከብዳል።

ውድ አድማጮቻችን፤ የዒድ ምግብ ለራስ ብቻ የሚበላ አልነበረም። ከ975 እስከ 996 ግብፅን የገዛው የፋጢሚያው ኸሊፋ አል-ዐዚዝ በካይሮ “ዳሩል ፊጥራ” የተባለ ቤት አሠርቶ ነበር። ሥራው ለዒድ አል-ፊጥር ጣፋጭ እያዘጋጁ ማደል ነበር። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር ያስተማሩትን እናውቃለን፤ መረቅ ስትሠራ ውኃውን አብዛና ጎረቤቶችህን አስብ የሚል ምክር ነው። ሥጋ ጨምር አላሉትም፤ ውኃ ጨምር ነው ያሉት። ያለውን አብቃቅቶ ማካፈል ይሉታል ይህንን። ዘካተል ፊጥርም ከሶላት በፊት የሚወጣው ድሃው በዒድ ቀን እንዳይቸገር ነው።

ስለዚህ ሥጋ ለመግዛት አቅም ያጣች እናት በምስር ሳምቡሳዋ አትፈር። ከሺህ ዓመት በላይ ተጉዞ የመጣ፣ በኸሊፋዎች ግብዣ የተገጠመለት ምግብ ነው ያቀረበችው። ከዚያ ላይ ሁለቱን በሳህን አድርጋ ለጎረቤት ብትልክ፣ በብድር ከተደገሰ ድግስ ይልቅ የዒድን ደስታ ወደ ቤቷ ታስገባለች።

አላህ ዒዳችንን የደስታና የመተዛዘን ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።