ከፖስታ ሳጥኑ ጀርባ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1971፣ አገሩ አሜሪካ ነው። በዚያ ምሽት መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር ኒውዮርክ ላይ ሊቧቀሱ ነው፤ የሕዝቡ ልብ ሁሉ እዚያ ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሚዲያ በምትባል ትንሽ ከተማ ግን ስምንት ሰዎች ሌላ ጉዳይ ይዘዋል። የአሜሪካን የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ የኤፍቢአይን፣ ቅርንጫፍ ሰብረው ሊገቡ ነው።

ወንበዴ እንዳይመስሏችሁ። መሪያቸው ዊልያም ዳቪደን የፊዚክስ መምህር ነው። ጆን ሬይንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃይማኖት ያስተምራል፤ ሚስቱ ቦኒ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባልና ሚስቱ ቢታሰሩ ልጆቹን ዘመድ እንዲያሳድግላቸው አስቀድመው ተነጋግረዋል። ስምንቱም የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ናቸው። በየስብሰባው ጆሮ ጠቢ እንደተሰገሰገ ይጠረጥራሉ፤ ማስረጃ ግን የላቸውም። የኤፍቢአይ አለቃ ኤድጋር ሁቨር ከ1924 ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ደፍሮ የሚጠይቀውም አልተገኘም።

ቦኒ ቀደም ብላ ተማሪ መስላ ቢሮው ገባች። ቢሮው ለሴቶች ምን ዓይነት ሥራ እንዳለው ልጠይቅ ነው የመጣሁት አለች። አሻራዋ እንዳይቀር ጓንቷን አላወለቀችም። እጇ ማስታወሻ ይይዛል፤ ዓይኗ በሩንና የፋይል ካቢኔቱን ይቃኛል። የማንቂያ ደወል አላየችም።

ሌሊቱ ደረሰ። ታክሲ ነጂው ኪት ፎርሳይት ያለ ቁልፍ በር መክፈት ተምሯል፤ ግን ያልጠበቀው ጠንካራ ቁልፍ ገጠመው። ወደ ሌላኛው በር ዞረ። ከጀርባው ከባድ ካቢኔት ተደግፎበታል! ካቢኔቱ ቢወድቅ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። በብረት እየገፋ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀስ በቀስ አስለቀቀው። ጓደኞቹ ባዶ ሻንጣ ይዘው ገቡ፤ ሙሉ ሻንጣ ይዘው ወጡ።

ወረቀቶቹን ከከተማ ወጣ ባለ እርሻ ቤት ዘርግተው አነበቡ። አንዱ ሠራተኞቹን እንዲህ ይመክራል፦ ተቃዋሚዎችን አዘውትራችሁ አነጋግሩ፤ ፍርሃታቸው ይጨምራል፤ ከየፖስታ ሳጥኑ ጀርባ የኤፍቢአይ ሰው የቆመ ይመስላቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። መንግሥት ወንጀለኛን ቢከታተል ማንም አይከፋውም። እዚህ ግን ሰውን ማስፈራት ራሱ የሥራ ዕቅድ ሆኖ ተጽፏል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይኸ ነው። ወረቀቶቹ እንደሚያሳዩት፣ ስዋርዝሞር ኮሌጅ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተሯ ሳትቀር ወሬ አቀባይ ነበረች፤ ጥቁር ተማሪዎች በጥቁርነታቸው ብቻ ይመዘገቡ ነበር።

የወረቀቶቹ ቅጂ ለዋሽንግተን ፖስቷ ጋዜጠኛ ቤቲ ሜድስገር በፖስታ ተላከ። የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆን ሚቸል እንዳይታተም ቢጠይቅም ጋዜጣው ማርች 24 አወጣው። በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ደግሞ «ኮይንቴልፕሮ» የሚል እንግዳ ቃል ተገኘ። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ካርል ስተርን ፍርድ ቤት ሞግቶ ምስጢሩን አወጣ፤ ከ1956 ጀምሮ ዜጎችን የማዋከብ ዘመቻ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋ ስም የለሽ ደብዳቤ በ1964 የላከውም ይኸው ቢሮ መሆኑ በኋላ በሴኔት ምርመራ ተጋለጠ።

ስምንቱን ለመያዝ 200 ያህል መርማሪዎች ተሰማሩ፤ ማንንም ሳይዙ መዝገቡ በ1976 ተዘጋ። ከዚህ ሁሉ መጋለጥ በኋላ በ1978 ስለላን የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ ሕጉ ያቋቋመው ፍርድ ቤት ግን የሚያስችለው በዝግ ነው። በ2013 የስለላ ምስጢር አጋላጩ ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣው የዚያ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የቬራይዘን ስልክ ኩባንያ ማን ለማን መቼ እንደደወለ የሚያሳየውን መዝገብ በየቀኑ እንዲያስረክብ ያዝ ነበር፤ ይህንንም ለማንም እንዳይናገር ይከለክል ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጃንዋሪ፣ ያረጁት ጆንና ቦኒ ለ43 ዓመት የያዙትን ምስጢር በስማቸው ለሕዝብ ተናገሩ።