ሴባስቶፖልና የሽቦ መኪና

ይፋግ ላይ ጭነት ማለት ለዘመናት አህያና በቅሎ ነበር። የጎንደር ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ጣና ላይ ታንኳ አለ፤ ወንዝ ላይ በኖራ የተገነባ የጎንደር ዘመን ድልድይ አለ። ጋሪ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

መንኮራኩር ለዚህ አገር ሰው ዓይን የገባው በመድፍ ሰበብ ይመስለኛል። ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው እነ ቫልድማየር ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ባለእጆች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። መጀመሪያ ያቀለጡት ከሸፈ፤ ንጉሡም ደግመው ደጋግመው አስሞከሩ። የአገሬው ወጣቶች ሙያውን የተማሩት ከዚያው ከእሳቱ ዳር ነው። እኔ ጋፋትን ከጦር መሣሪያ ፋብሪካነቱ ይልቅ በትምህርት ቤትነቱ ነው የማስበው፤ ተማሪው ወዶ የገባበት ባይሆንም።

ከዚያ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በሠረገላ ተጭኖ ከደብረ ታቦር ወጣ። ችግሩ ያኔ ተገለጠ፦ መንኮራኩር ያለ መንገድ ምንም አይደለም። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ገደሉን አስቆፈሩ፤ መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም ወደ መቅደላ ሲገሰግስ የጅዳን ገደል የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። ጠላት እንኳ አደነቀው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ከወረታ ወደ ወልዲያ የተዘረጋውን መንገድ ሰዉ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ መኪና መጣ፤ በመኪናው ሰበብ ደግሞ የሽቦ መኪና። ልጁ ሽቦ ያጥፋል፣ ከአሮጌ ኮንጎ ጫማ ጎማ ይቆርጣል፣ መሪውን በረዥም ዘንግ እስከ ደረቱ ያመጣል። የመኪናውን የፊት እግር አጥብቆ ካሰረው አይታጠፍም፤ ካላላው ይወላገዳል። ይህን ማንም አላስተማረውም።

ዛሬ ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለው የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል፣ አዲስ አበባም እንደ አይኮግ ባሉ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ልጆች ሮቦት ይገጣጥማሉ። የተለመደችው ባለሁለት ሞተር ትንሽ መኪና መሪ የላትም። የግራው ጎማ ሲዘገይ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር መስመር በብርሃን መለያዋ እያየች ትከተላለች። የሽቦ መኪና ለሠራ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ነው፦ ያለ መሪ እንዴት ይታጠፋል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቀው የሽቦ መኪናውን ይዞ የመጣው ልጅ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ ብሆን የተገዛውን የሮቦት ሣጥን ከመክፈቴ በፊት «የሠራችሁትን አምጡ» እል ነበር። ለይፋግ ልጅ ደግሞ ባሕር ዳር ሩቅ ነው፤ አስፋልት ግን በደጁ ያልፋል፣ ማሠልጠኛውም በመኪና ተጭኖ ሊመጣለት ይችላል።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያውም አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ አለ። ለልጆች ላሳያቸው የምመኘው ግን ሠረገላውን ነበር፤ አምባው ላይ የቀረው መድፉ ብቻ ነው።