አሲድ፣ የሞት ፍርድና ሐሰተኛ ክስ፦ የባንግላዴሹ ሕግ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2002 የሴቶች ቀን በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ የተከበረው በወንዶች ሰልፍ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች አደባባይ ወጥተው አሲድ የሚደፉትን አወገዙ። በዚያው ወር የአገሪቱ ፓርላማ ሁለት ሕጎች አከታትሎ አጸደቀ፤ አንዱ አሲድ የደፋውን ሰው የሚቀጣ፣ ሌላው አሲዱን ራሱን የሚቆጣጠር።

የመጀመሪያው ሕግ ከባድ ነው። በአሲድ ነፍስ ያጠፋ፣ ዓይን ያሳወረ፣ ፊት ያበላሸ በሞት ወይም በእድሜ ልክ እስራት ይቀጣል። አሲዱ ተወርውሮ ማንንም ሳይነካ ቢቀር እንኳ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። ወረድ ብሎ ግን አንቀጽ 8 አለ። ሌላውን ለመጉዳት አስቦ፣ በቂ ምክንያት እንደሌለው እያወቀ የአሲድ ክስ የመሠረተ ወይም ያስመሠረተ ሰው እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል።

ለተቃጠሉ ሰዎች ተብሎ በወጣ ሕግ ውስጥ ከሳሽን የሚያስፈራ አንቀጽ ምን ይሠራል? ይህን ለመረዳት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አሲድን በገመድ ለማስቆም የሞከረችው የመጀመሪያዋ አገር ባንግላዴሽ አይደለችም። በ1820ዎቹ በስኮትላንዷ ግላስጎ ከተማ የጥጥ ፈታዮች ከፋብሪካ ባለቤቶች ጋር ተጣልተው ነበር። አድማውን ጥሰው ሥራ የገቡ ሰዎች ፊት ላይ በዘመኑ ቪትሪዮል የሚባለው ሰልፈሪክ አሲድ ይደፋ ጀመር። የለንደን ፓርላማ በ1825 ለስኮትላንድ ብቻ የሚሠራ ሕግ አውጥቶ ድርጊቱን በሞት የሚያስቀጣ አደረገው። በ1834 አንድ ሰው በዚሁ ወንጀል ግላስጎ ላይ ተሰቀለ። ብሪታንያ በ1861 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ለእንግሊዝ ቅጣቱ እስከ እድሜ ልክ ሆነ። ያ አንቀጽ ዛሬም ይሠራል።

ባንግላዴሽም በሞት ቅጣት የጀመረችው በ2002 አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1984 የወንጀል ሕጓ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ፣ በሚያቃጥል ፈሳሽ ሁለት ዓይን ወይም ፊት ያጠፋ ሰው በሞት ሊቀጣ እንደሚችል ተደንግጎ ነበር። በ1995 እና በ2000 በሴቶችና በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የወጡት ልዩ ሕጎችም ያንኑ ደገሙት። ገመዱ 18 ዓመት ሙሉ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ጥቃቱ እየጨመረ ሄዶ በ2002 በአንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገበው ወደ 500 ተጠጋ።

ለምን? አሲድ ምስክሩን የሚያጠፋ ወንጀል ስለሆነ ነው። በባንግላዴሽ ገጠር ብዙው ጥቃት የሚፈጸመው በሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ በመስኮት በኩል ነው። ተጎጂዋ ስትነቃ እያየች አይደለም፣ እየተቃጠለች ነው። ደፊው ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ምስክር የሚሆነው ዓይን ራሱ ጠፍቷል። ለፖሊስ የምትነግረው የምትጠረጥረውን ነው፤ ለጋብቻ ጠይቆ እንቢ ያለችውን፣ በጥሎሽ ሲጨቃጨቃት የኖረውን ባሏን። ብዙ ጊዜ ጥርጣሬዋ ልክ ነው። ፍርድ ቤት ግን በጥርጣሬ ብቻ አይሰቅልም፤ ቅጣቱ ሞት ሲሆን ደግሞ ዳኛ ይበልጥ ይጠነቀቃል። በዚህ ላይ የመርማሪው ስንፍናና ጉቦው ሲጨመር፣ ከባዱ ቅጣት ተከሳሹን ከማስፈራት ይልቅ መዝገቡን ባዶ የሚያደርግበት ጊዜ ይበዛል።

ስለዚህ የ2002ቱ ሕግ አርቃቂዎች ፍጥነት ጨመሩ። ምርመራው በ30 ቀን፣ የፍርድ ሂደቱ በ90 ቀን እንዲያልቅ አዘዙ። ልዩ ችሎት አቋቋሙ፤ ዋስትናውን አጠበቡ። አሲድ የረጠበ ልብስ ሳይታጠብ፣ ተጠርጣሪው ድንበር ሳይሻገር፣ ሽማግሌ ተጎጂዋን ታረቂ ሳይላት ቶሎ መድረስ ነበር ሐሳቡ። ትክክለኛ ሐሳብ ነው።

ነገር ግን ስሙ የተጠራውን ሰው ወዲያው የሚያስርና ሞት የሚያስጠራ ሕግ፣ ለባላጋራም ይመቻል። ከባንግላዴሽ የአሲድ ጥቃቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ፍቅር ሳይሆን መሬት ነው። በወሰን ከጎረቤቱ ጋር የሚካሰስ ሰው ቤት አሲድ ሲደፋ፣ ጎረቤትየውን ከነወንድሞቹና ከነልጆቹ መዝገብ ላይ ማስፈር የሚያጓጓ ነገር ነው። አንዱ ደፍቶ ሊሆን ይችላል፤ አራቱ ግን አብረው ይታሰራሉ፤ እርሻው ጦሙን ያድራል። የአገራችን የመሬት ክርክር ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። አንቀጽ 8 የመጣው ከዚህ ስጋት ነው።

ስጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አዲስ አልነበረም። ባንግላዴሽ ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረሰችው የ1860ው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 211 ሐሰተኛ ክስን አስቀድሞ ይቀጣል። የተመሠረተው ሐሰተኛ ክስ በሞት ወይም በእድሜ ልክ በሚያስቀጣ ወንጀል ከሆነ ቅጣቱ ያው እስከ 7 ዓመት ነው። ታዲያ ያንኑ ቅጣት በአሲዱ ሕግ ውስጥ መድገም ምን ጨመረ? በሕግ ረገድ እምብዛም። በተጎጂዋ ጆሮ ግን ብዙ ይጨምራል። ክስ ልትመሠርት የሄደች የድሃ ልጅ በዚያው ሕግ ውስጥ 7 ዓመት እንደሚጠብቃት ይነገራታል። የሚነግራት ደግሞ የተከሳሹ ጠበቃ ወይም የመንደሩ ባለጉልበት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ልዩነት አለ። ያልተረጋገጠ ክስና ሐሰተኛ ክስ አንድ አይደሉም። ተከሳሽ በነጻ ሲለቀቅ የሚባለው ዐቃቤ ሕግ በበቂ ማስረጃ አላስረዳም ነው፤ ከሳሿ ዋሽታለች ማለት አይደለም። ለመቅጣት እያወቀች መዋሸቷ፣ ለመጉዳትም ማሰቧ ለብቻው መረጋገጥ አለበት። በጨለማ ሰው ተሳስታ የጠቆመች ሴት ተሳሳተች እንጂ አልወነጀለችም። አንቀጹ ሲነበብ ይህን ይላል። በመንደር ወሬ ግን የተሸነፈ ክስ ሁሉ ውሸት ይባላል።

ዓይን ያወጣ ውሸትም አይጠፋም። በኦገስት 2010 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቫንኩቨር በተባለች ከተማ አንዲት ነጭ ሴት የማታውቃት ጥቁር ሴት አሲድ እንደደፋችባት ተናገረች። ፊቷ በእርግጥ ተቃጥሏል። ዜናው አገሩን አዳረሰ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ ፖሊስ የተባለችውን ጥቁር ሴት ፍለጋ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፈሳሹን ራሷ እንደቀባችው አመነች። ታማሚ ነበረች፤ በኋላም ሐሰተኛ ቃል በመስጠት ጥፋተኛ መሆኗን ተቀበለች። ያን ሰሞን በዚያች ከተማ መንገድ ላይ መልኳ ከተነገረው ጋር የሚመሳሰል ጥቁር ሴት ብትያዝ ምን ይገጥማት ነበር? ውሸቱን ያጋለጠው የቅጣት ፍርሃት አልነበረም፤ ነገሯ አልገጥም ያላቸው መርማሪዎች ናቸው። ምርመራ ሲጠነክር የሚጠቀመው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ያው ጥንቃቄ የእውነተኛዋን ተጎጂ ክስም ያቆማል።

ወደ ዳካ እንመለስ። ከአሥር ዓመት በኋላ በባንግላዴሽ የሚመዘገበው ጥቃት በዓመት ከ100 በታች ወረደ። ብዙ ሰው ምስጋናውን ለሞት ቅጣቱ ይሰጣል፤ ቅጣቱ ግን ከ1984 ጀምሮ ነበረ። በ2002 አዲስ የነበረው ሁለተኛው ሕግ ነው። ወርቅ ሠሪው፣ ቀለም ነካሪው፣ ባትሪ ሠሪው ሁሉ አሲድ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልገው ጀመር፤ ያለ ፈቃድ የሸጠ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል። ሰልፉ፣ ጋዜጦቹና በ1999 የተቋቋመው የተጎጂዎች ድርጅት ሥራም ታክሎበታል። ሕንድም በ2013 ቅጣቱን ከ10 ዓመት እስከ እድሜ ልክ ስታደርግ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በዚያው ዓመት ሻጩ የገዢውን ማንነት እንዲመዘግብ አዟል።

በእኛ አገር፣ ጥር 1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ወጣት ላይ የደረሰውን ያስታወሰ ሰው ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለአሲድ የተለየ አንቀጽ የለውም። የመግደል ሐሳብ ካልተረጋገጠ ድርጊቱ የሚወድቀው በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ሥር ነው፤ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ወለሉ ግን አንድ ዓመት ቀላል እስራት። በሐሰት መወንጀልም በአንቀጽ 447 ለብቻው ተቀምጧል፤ የሚያስቀጣውም የተወነጀለው ሰው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ የጠቆመውን ነው።